አርባ ስምንት ግራ እጅጌ

ሰኞ 4

ይህ ደብተር የደንበኛ ልኬት መጻፊያ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ ሰውዬ ወገብ አለ፤ መቶ ሃያ አራት። ከሥሩ አክስቴ «ሲተነፍስ 128» ብላበታለች። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። «እንኪ፣ በአፍሽ ካልሆነልሽ በእጅሽ አውሪ» ብላ ሰጠችኝ።

እውነቷን ነው። በዚህ ስፌት ቤት የምጠራው ዝምታ ተብዬ ነው፤ ሲያቆላምጡኝ ደግሞ ዝሜ። ስሙን ያወጣችልኝ ካውያ የምትተኩሰው ሴትዮ ናት። እሷን እንፋሎት እንላታለን፤ ከካውያው ይልቅ እሷ ስለምትጨስ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አንቺ ዘንድ ግን አየርም አይገባ!» ትለኛለች።

እናቴ ከሰባተኛ ክፍል አስወጥታ ወደ አክስቴ የላከችኝ ሙያ እንድይዝ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ የተበላሸ ስፌት እተረትራለሁ። የምመኘው ግን ጋሼ ሚሊሜትር የሚቆሙበትን ቦታ ነው፤ የመቁረጫውን ጠረጴዛ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ የጻፍኩትም ደብተሩ ስለማያወራ ነው።

ጋሼ ሚሊሜትር ቆራጫችን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ቆርጠዋል። አንድ ደንበኛ «አንድ ሚሊሜትር ምን አላት?» ቢላቸው፣ «አንተም እናትህ ሆድ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ነበርክ» ብለውታል።

አሁን ችግር መጣ። የአክስቴ ልጅ ከአጥር ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እግሯ በጀሶ ታሽጎ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ስድስት ሳምንት ልትተኛ ነው። እሷን የምንጠራት ዳኛዋ እያልን ነው፤ ነገር ሁሉ ችሎት ስለሚመስላት። አክስቴ ዛሬ ጠርታኝ «አንቺ አጫውቻት፤ አለበለዚያ እየተጣራች ሥራ ልታስፈታን ነው» አለችኝ።

እኔ? ማጫወት?

ሐሙስ 7

ተረት ነገርኳት። ሁሉን ማድረግ ስለምትችል አንዲት አልቃሻ ጠንቋይ ነበር። ገና ሳልጀምር እጇን አነሳች።

«ሁሉን ማድረግ ከቻለች ለምን ታለቅሳለች?»

«እ...»

«አየሽ? አስማትሽ አደጋ የለውም። አደጋ የሌለው አስማት እኮ ከረሜላ ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። እንፋሎት የሰጠችኝን የሱሪ ስፌት ስተረትር አንዷን ክር በተሳሳተ በኩል ሳብኳት። ጥርርርር ብሎ እስከ ጉልበት ተከፈተ። የፈለግሁት ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነበር።

የተከፈተውን ሱሪ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አገኘሁት!

ቅዳሜ 9

ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ለዳኛዋ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት።

በመጀመሪያ ውዥንብር ነበረ። ላይና ታች የለውም፤ እርጥብና ደረቅ አይለይም። ዓሣው ዛፍ ላይ ይተኛል፣ ዛፉ ይዋኛል፣ ትናንት ከነገ በኋላ ይመጣል። እመ ስፌት የሚሏት አንዲት አሮጊት በዚያ መካከል ትኖር ነበር። አንድ ቀን እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ አጣችና ተቆጣች። ከራሷ ጸጉር ነቅላ ክር አደረገች፤ ሰማይን ከምድር፣ ውሃን ከዳር፣ ቀንን ከሌሊት ሰፋቻቸው። ውዥንብርን ግን መግደል አልቻለችም። እንደ ገበር ከውስጥ አድርጋ ሰፋችበት።

ስለዚህ ዓለም ገበር አለው። ገበሩም ይንቀሳቀሳል።

ከዚያም ተርታሪዎች ተወለዱ። እነሱ የስፌቱን ጫፍ ማግኘት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። የአጥንት መንጠቆ ይይዛሉ። የሚሹትን ተናግረው አንዲት ስፌት ሲተረትሩ ውዥንብር ይወጣና ይፈጽምላቸዋል። የፈለጉትን ይሰጣቸዋል፣ ግን «ይበቃል» የሚለውን ቃል አያውቅም። ማንም አላስተማረውም።

ዳኛዋ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። «ቀጥዪ» አለች ብቻ። ከእሷ አፍ ይህ ጭብጨባ ነው።

ማክሰኞ 12

ጨዋታ አደረግነው! አክስቴ ከአሮጌ ኮት የተነቀለ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት ትልቅ ቆርቆሮ አላት። ተርታሪው ምኞቱንና የሚተረትረውን ስፌት ተናግሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ቁልፍ ያወጣል። ሁለት ቀዳዳ ያለው ከወጣ ምኞቱ በሰላም ይሞላል። አራት ቀዳዳ ከሆነ ከልክ በላይ ይሞላል። የተሰበረ ከወጣ ግን ውዥንብር ራሱ ይመኛል።

ዳኛዋ ባለ አንድ ክንፍ ንግሥት ሆነች። ወንዝ መሻገሪያ ድልድይ ተመኝታ ባለ አራት ቀዳዳ አወጣች። ድልድዩ መጣ። ወንዙን አለፈ፣ ከተማውንም አለፈ፣ ተራራውን ወጣ፤ እስከ ዛሬ ማቆሚያውን ያገኘ የለም። ድልድዩ ላይ እየሄዱ ተጋብተው፣ ድልድዩ ላይ ወልደው፣ ልጆቻቸው ምድር የሚባለውን ነገር ተረት ነው ይላሉ።

ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ። በአፌ! ሳቃችንን ሰምታ እንፋሎት ገባች። «እኔም ልተርትር» አለች። የባሏ ማንኮራፋት እንዲቆም ተመኘች። የተሰበረ ቁልፍ ወጣ። «ውዥንብር ማንኮራፋቱን ወደደው፤ ከዛሬ ጀምሮ ተራራዎቹ ሁሉ ያንኮራፋሉ» አልኩ።

«ወይኔ ጉዴ፣ አንድ ሰው አልቻልኩ!» ብላ አልጋው ላይ ወደቀች። የዳኛዋን እግር ለጥቂት ሳተችው። ከዚያ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ካውያው ሱሪ ላይ ተረስቶ ነበር፤ የአንድ ጠበቃ ሱሪ።

አርብ 15

ዳኛዋ ጨዋታውን አሸነፈችው። አስማቴን ማለቴ ነው። ከራሷ አገር ርቃ ሄዳ ትተረትራለች፤ ምኞቷ ይሞላል፣ ትርፍራፊው ጥፋት እዚያው ሩቅ ይቀራል። «ሩቅ ከወደቀ ምን አገባኝ?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ምንም አይነካትም። ከረሜላ።

ቀኑን ሙሉ ቁልፍ እየተከልኩ አሰብኩበት። አንዱን ሸሚዝ ከታች ወደ ላይ ተክዬው ነበር፤ ተርትሬ አስተካከልኩ። ወደ ማምሻው ላይ መጣልኝ። የምኞቱን ዋጋ የሚከፍለው ተርታሪው አይደለም። በዚያች ሰዓት ለእሱ ከሁሉ የቀረበው ሰው ነው። ለምን እንደሚከፍልም አያውቅም። የራሱ ጥፋት ይመስለዋል።

ነገርኳት።

«ይሄ ያስፈራል» አለች። «ግን ፍትሕ አይደለም። ለምን ራሱ አይከፍልም?»

«ራሱ ቢከፍል ጀግና ይባላል። አስማቱ እኮ ጀግና አያደርግም። ምኞትሽ ሲሞላ ደስ ይልሻል፤ ከዚያ ዞር ስትዪ አጠገብሽ ያለው ሰው ልክ አይደለም።»

በሩ ላይ ቆማ የምትሰማን እንፋሎት በጣቷ ቆጠረች። «አራት ዓረፍተ ነገር! በተከታታይ!»

በጣም ኮርቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ጭንቅላት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዛሬ ትልቅ ሥራም መጣ። የማርሽ ባንድ ሃያ አራት ቀይ ኮት አዘዘ። አዲሱ ስታዲየም ሲመረቅ ለብሰውት ይሰለፋሉ፤ ቀኑ 30 ነው። ጨርቁ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ደብዘዝ ያለ ነው። የባንዱ መሪ እየተለካ «በምነፋበት ጊዜ ይለኩኝ» ብሎ አስቸገረ። ጋሼ «መለከትህን ቤትህ ትተህ መጥተህ?» አሉት። «በሐሳቤ እነፋለሁ» ብሎ ጉንጩን ነፋ። ጋሼም በሐሳቡ የነፋውን ለኩት።

እሁድ 17

የዳኛዋ ጓደኞች ሊጠይቋት መጡ። ሦስት ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ዳኛዋ አጫወተቻቸው። አንዷ ሕጉ ላይ ስትከራከራት «ሕግ አውጪዋ መጋረጃው ጀርባ ናት፤ ጠይቂያት» አለቻት። ከዚያ በኋላ መጋረጃውን እያዩ ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ሲወጡ መጋረጃውን ደህና ሁኚ አሉት።

ሰኞ 18

ጋሼ ጠርተውኝ ጨርቅ ሲነጠፍ አሳዩኝ። ልቤ ዘለለች።

«የኔ ልጅ፣ ጨርቅ እንደ ሰው ነው። ሰው ሲነጋገር ፊት ለፊት ይተያያል አይደል? ፊቱን ከፊቱ፣ ጀርባውን ከጀርባው እያገናኘሽ ትደራርቢያለሽ። ያኔ አንድ እጅጌ ስለሽ ስትቆርጪ ግራውም ቀኙም እኩል ይወጣል። ሁሉን ወደ አንድ ጎን ብታዞሪው ምን ይሆናል?»

«ሁሉም ግራ ይሆናል።»

«ሁሉም ግራ ይሆናል! ባለ ሁለት ግራ እጅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ወንድሜ ነው፣ ግን ሥራ ላይ ብቻ ነው።»

ሲስቁ ጠመኔያቸው ወደቀ። ሲፈልጉት እግራቸው አጠገብ ሆኖ አላዩትም። አንስቼ ሰጠኋቸው።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ለእንፋሎት ስታንሾካሹክ ሰማሁ። «ዓይናቸው እየደከመ ነው። እንዴት አድርጌ ነው የምነግራቸው?» እንፋሎት እንኳን ቀልድ አልመጣላትም።

ረቡዕ 20

ቶሎ ቶሎ። ዝናቡ ጣሪያውን ሊያፈርሰው ነው።

የኮቶቹ ደረትና ጀርባ ተቆርጦ አለቀ። ጋሼ ለእጅጌ የሚሆነውን ጨርቅ አነጠፉ፤ ስምንት ክምር፣ እያንዳንዱ ስድስት ንብብር፤ ነገ ጠዋት ሊቆርጡት። እሳቸው ወደ ዓይን ሐኪም፣ አክስቴም ክር ልትገዛ ወጡ። ያኔ ከጣሪያው ልክ በጠረጴዛው ላይ ማንጠብጠብ ጀመረ። እንፋሎት ባልዲ ፍለጋ ሮጠች። እኔ ጨርቁን አንሥቼ ወንበር ላይ ከመርኩ፣ ጠረጴዛውን ገፋሁ፣ መልሼ አነጠፍኩት። እንደነበረ።

ያን ጊዜ ነው ትልቁ ጥያቄ የመጣብኝ፦ የተተረተረ ስፌት እንዴት ይዘጋል? ተርታሪው ቢጸጸትስ? መርፌ ያስፈልገዋል? የማንን ጸጉር ክር ያደርጋል? እመ ስፌት ሞታለች ወይስ ተኝታለች? እስኪመሽ አሰብኩበት፣ መልስ የለኝም።

ሐሙስ 21

ጋሼ ቆረጡ። አርባ ስምንት እጅጌ። ድካም። እመ ስፌት አልሞተችም፤ መነጽሯ ጠፍቶባት ነው።

ቅዳሜ 23

አክስቴ የመጀመሪያውን ኮት ግራ እጅጌ ገጠመች። ቀኙን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ ግራ ነው። ሌላ አነሳች፤ ግራ። ክምሩን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። መኪኖቹ ቆሙ።

«አርባ ስምንት ግራ» አለች።

ጋሼ መጡ። እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ፤ አርባ ስምንቱንም። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ ያነጠፍኩት» አሉ። «በገዛ እጄ።»

ረቡዕ ዕለት እኔ ጨርቁን አንሥቼው ነበር። መልሼዋለሁ። እንደነበረ ነው የመለስኩት መሰለኝ። የላይኛው ጀርባው ነበር፤ እኔም የላይኛውን ጀርባውን አደረግሁት። ከሥር ያሉትንም እንደዚያው።

እንደዚያው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ቁልፍ እተክል ነበር። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ዛሬ ሁሉም ተናዷል። ነገ እናገራለሁ።

ሰኞ 25

እሁድ ስፌት ቤቱ ዝግ ስለሆነ አልተናገርኩም።

ዛሬ አክስቴ ጨርቅ ቤት ሄደች፤ ያ ቀይ አልቋል። እንፋሎት «ባንዱን በሙሉ ግራኝ እናድርገው» አለች። የሳቀ የለም። በመጨረሻ አክስቴ ሃያ አራቱን እጅጌ ገልብጣ፣ ደብዛዛውን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጋ ቀኝ አደረገቻቸው። ግራ ክንዱ ያብረቀርቃል፣ ቀኙ ደብዛዛ ነው። የባንዱን መሪ አስጠራችው።

ኮቱን ለበሰ። መስተዋቱ ፊት ዞር ዞር አለ። አክስቴ ሜትሯን ሁለት እጇ ላይ ጠምጥማ ትጠብቃለች።

«ሆን ብላችሁ ነው?»

«አዎ» አለች አክስቴ፤ «ዘመኑ ነው።»

«የኔ እመቤት፣ እኔ እኮ ሰባት አዲስ ልጆች አሉኝ፤ ግራ ስላቸው ቀኝ ይረግጣሉ። አሁን ‘በሚያብረቀርቀው!’ ነው የምላቸው።» እየተሰለፈ ወጣ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ።

ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። ከአንድ ሰው በቀር። ጋሼ ጠመኔያቸውን በጣቶቻቸው መካከል እያሻሹ ይፈጩት ነበር።

ነገሩ ግን ተፈታ እኮ። ኮቱም ተወደደ። ማንም የተጎዳ የለም።

ማክሰኞ 26

ጋሼ ትልቁን መቀሳቸውን በጨርቅ ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«በቃኝ» አሉ አክስቴን። «ዓይን ቢሆን መነጽር አለው፤ ሐኪሙም ሐሙስ ይደርሳል ብሎኛል። ይሄ ግን ዓይን አይደለም። ፊት ለፊት እያገናኘሁ ሳነጥፍ ይታየኛል፤ አሁንም ይታየኛል። እጅጌው ግን ሌላ ይናገራል። ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ የሚያስታውስ ጭንቅላት መቀስ መያዝ የለበትም።»

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ነው፤ ሰው አይሳሳትም?»

«አባቴንም መርሳቱ እንዲህ ነው የጀመራቸው።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ እጇ አይንቀጠቀጥም። ትቁረጥ። እስክትለምድ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ።»

መቀሱን በእጄ ላይ አኖሩት። እንፋሎት አጨበጨበች። አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ለእናቴም ደውላ ነገረቻት፤ እናቴ በስልክ እልል አለች።

የተመኘሁት ይኸው ነበር። መቀሱ ከባድ ነው።

ማታ ዳኛዋ ቁልፍ አወጣች፤ ባለ አራት ቀዳዳ። «ንግሥቲቱ ዙፋን አገኘች። የሚከፍለው አጠገቧ ያለው ሽማግሌ ኤሊ ነው» አለች በደስታ። «ምን ይከፍላል? ቤቱን ይርሳ። ወደ ጀርባው እያየ ቤቱን ይፈልግ!»

«ሕጉ ተለውጧል» አልኳት። «የሚከፍለው ተርታሪው ነው።»

«መቼ ተለወጠ?»

«አሁን።»

«የሕግ ለውጥ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ይነገር።»

«የለውም!»

ጮህኩ መሰለኝ። ዳኛዋ ቁልፉን ቆርቆሮው ውስጥ መልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አጥፍቻለሁ። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ነገ ሁሉንም።

ሐሙስ 28

አልተናገርኩም። ትናንት ጋሼ ዘግይተው መጡ፤ ከዚያ ደንበኛ መጣ፤ ከዚያ መሸ። ምክንያት ሲፈለግ አይጠፋም።

ዛሬ መነጽራቸው ደረሰ። አደረጉትና እንፋሎትን አይተው «አንቺ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ይሄ ነጠብጣብ ፊትሽ ላይ ነበር?» አሏት። «ጋሼ፣ በሉ አውልቁት!» አለች። ለጥቂት ጊዜ እንደ ድሮው ሆንን።

ግን ሰውዬው ራሳቸውን እየፈተኑ ነው። «ትናንት ምሳ ምን በላሁ?» ብለው እንፋሎትን ይጠይቃሉ፤ ራሳቸው ቀድመው ይመልሳሉ፤ ከዚያ ልክ መሆናቸውን ፊቷ ላይ ያነባሉ። በር ቆልፈው ከወጡ በኋላ ተመልሰው ይነካሉ። ሦስት ጊዜ። ለልጃቸው በስልክ «መጥተሽ ውሰጂኝ፤ ሳይብስብኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። እሁድ ትመጣለች።

መናገር እኮ ቀላል ነው። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ።» ሦስት ቃል። ሰው በሌለበት ለካውያው ተለማመድኩ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

እንፋሎት ከመደርደሪያው ጀርባ «ማነው እሱ?» አለች።

«ማንም» አልኩ።

ለካውያ የነገርኩትን ለሰው መንገር አቃተኝ። ፈሪ ነኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ነው የምኖረው።

ቅዳሜ 30

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ባንዱ ኮቱን ሊለብስ መጣ። ሃያ አራት ሰው፣ መለከትና ከበሮ፣ ስፌት ቤቱ ሞልቶ ወደ መንገድ ፈሰሰ። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ ብለው መጥተው የሰዉን ትከሻ ያስተካክላሉ። ቱባ የሚሉትን ትልቁን መለከት የሚነፋው ወፍራም ሰው «ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ ሆዴን ማን ይደብቅልኛል?» አላቸው። «ልጅቷ ትደብቅልሃለች። ከእኔ ትሻላለች» አሉት፣ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እውነት ምንም! ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተሰፍቷል።

ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ከቁርጥራጭ ቅርጫቱ ስድስት ቀይ ጨርቅ አነሣሁ። ጋሼን በእጅጌያቸው ጎትቼ ወደ ጠረጴዛው አመጣኋቸው። በፊታቸው አነጠፍኩ። መጀመሪያ እንደሳቸው፦ ፊት ከፊት፣ ጀርባ ከጀርባ፣ ስድስት። ወደ ጣሪያው አመለከትኩ፤ ውሃው የተወው ክብ ምልክት ገና አለ። ባልዲውን አሳየኋቸው። ጨርቁን ሁሉ አንሥቼ ወንበሩ ላይ አደረግሁ። መልሼ አነጠፍኩት፤ አሁን ግን ሁሉንም ጀርባውን ወደ ላይ። ስድስት።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። በአውራ ጣታቸው የጨርቁን ጫፍ እንደ መጽሐፍ ገለጡት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እስከ ስድስት። ተመልሰውም ቆጠሩ።

«አንቺ?» አሉ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«አይሆንም፤ በአፍሽ። ጆሮዬ መስማት አለበት።»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ረቡዕ። ዝናቡ... እርስዎ ትክክል አንጥፈው ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«አንጥፌ ነበር!» ብለው ጮኹ። «ሰዎች! ፊት ለፊት አንጥፌ ነበር! ጭንቅላቴ ደህና ነው!»

ቱባ ነፊውን አቀፉት። ሆዱ አላስጠጋ ሲላቸው በጎን አቀፉት። ከዚያ እጄን ይዘው ለእንፋሎት «ንገሪያት!» አሉኝ። ነገርኳት። ለአክስቴ፤ ነገርኳት። ለባንዱ መሪ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው «እንኳን ደስ አለዎት» አላቸው። ለልጃቸው ደውለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፉት፤ ለማላውቃት ሴት ሁሉንም ከዝናቡ ጀምሬ ተናገርኩ። ለቅሶዋን ሰማሁ። «ነገ አልመጣም ማለት ነው?» አለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

እስከ ምሳ ዘጠኝ ጊዜ ተናገርኩ። ሲጀመር ሞት ነበር። ስድስተኛው ላይ ባልዲውንም ጨመርኩበት። እንፋሎት «አሁንስ ዝምታ የሚለውን ስም ልንነጥቃት ነው» አለች።

አክስቴ ግን አልሳቀችም። ባንዱ ከወጣ በኋላ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«እጅጌው አይደለም። እጅጌ ስንት ጊዜ አበላሽቻለሁ! ሰባት ቀን ሙሉ ይሄ ሰው ራሱን ሲጠራጠር ፊቱ ተቀምጠሽ ቁልፍ ትተክያለሽ። መቀሱንም ተቀበልሽ። እኔም ግንባርሽን ሳምኩሽ።»

እጄ ላይ የቀረውን ቀይ ቁርጥራጭ አጣጠፍኩት።

«መቀሱን መልሺ። ጨርቅ ታነጥፊያለሽ፤ መቁረጥ የለም። ለእናትሽም ራስሽ ትደውያለሽ።»

መቀሱን መለስኩ። ጋሼ ተቀብለው ጫፉን ነፉበት። «አንድ ዓመት» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ትቆርጫለሽ። እኔም ገና የምሄድበት የለኝም።»

ለእናቴ ደወልኩ። እልል አላለችም።

ሰኞ 2

ጠዋት ከጋሼ ጋር ጨርቅ አነጠፍኩ። በእያንዳንዱ ንብብር ላይ ቆም እያሉ «ይሄኛው?» ይላሉ። «ፊት።» «ይሄኛውስ?» «ጀርባ።» አንዴ ሆን ብለው አሳሳቱኝ፤ ያዝኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።

ዳኛዋን ይቅርታ ጠየቅሁ። ምክንያቱንም ነገርኳት። ጀሶዋን በእርሳስ እያንኳኳች አዳመጠችኝ።

«እና ሕጉ የቱ ነው? አጠገብ ያለው ነው የሚከፍለው ወይስ ተርታሪው?»

አስቤበት ነበር። «አጠገብ ያለው ነው። ያ አይለወጥም፤ ውዥንብር ሰው አይመርጥም። ግን ተርታሪው የተተረተረው ስፌት ላይ ቆሞ የራሱን ስም ጮክ ብሎ ከጠራ፣ ክሩ መተርተሩን ያቆማል። ዋጋውም ተመልሶ ወደ እሱ ይመጣል።»

«ይሄውማ ከሁሉ ቀላሉ ነው! ስም መጥራት?»

«እሺ፣ ሞክሪያታ። ንግሥትሽ ትጥራ።»

ዳኛዋ አፏን ከፈተች። ንግሥቲቱ ስንት መንደር እንዳጠፋች አስታወሰች መሰለኝ። አፏን ዘጋች።

«ሰው ፊት ነው የምትጠራው?»

«ሰው ፊት።»

«...ትንሽ ታስብበት» አለች።

አሁን እየጻፍኩ ሳለ ጋሼ ከበሩ ይጣራሉ። አንድ ሽማግሌ አስከትለዋል፤ ባለ ሁለት ግራ እጅ ያሉት ወንድማቸው ነው፣ ከሌላ ከተማ ድረስ አምጥተውታል። «ነይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ይሄ ገና አልሰማም!» ይላሉ።

ልሂድና ልናገር። አሥራ ሁለተኛው ነው።